ክርክር፦ የባሕር ኃይላችን ታሪክ ክፍል ይግባ?

«የአገራችን የባሕር ኃይልና የጦርነት ታሪክ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጥ።» ይህን ሐሳብ የሚደግፉት ምጽዋ ላይ ያገለገሉ ጡረተኛ ባሕረኛ ናቸው። የሚቃወሙት አዲስ አበባ ውስጥ 11ኛ ክፍል ታሪክ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። በየተራ ጽፈዋል።

ባሕረኛው

እስቲ ወራሪዎቻችንን በገቡበት በር እንቁጠራቸው። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1557 ምጽዋን ያዘ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) ግብፅ በምጽዋ በኩል ገብቶ በ1868 ጉንደትና ጉራዕ ላይ ተመታ። ጣልያን በ1877 ምጽዋ ላይ ወረደ፤ ከ11 ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ተገናኘን። እንግሊዝ ደግሞ ዙላ ላይ ማራገፊያ ሠራ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ከህንድ 44 ዝሆን በመርከብ አስመጣ። ከዚያ በ1860 መቅደላ ደረሰ። ዝሆን እኮ ነው! ልጆቻችን አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን መጠጣታቸውን ያውቃሉ። ያ ሁሉ ጦር በምን እንደመጣ ግን የሚነግራቸው የለም።

ማይጨውም ያው ነው። ስለ መርዝ ጋዙ እናስተምራለን፤ ደግ ነው። ጋዙ ግን ከሰማይ አልወረደም። ወታደሩም፣ ታንኩም፣ ጋዙም በስዊዝ ካናል አልፎ ምጽዋ ላይ ነው የተራገፈው። ካናሉን የዘጋበት የለም። እኛ ደግሞ መንገድ ላይ የምትጠብቀው አንዲት የጦር መርከብ አልነበረችንም። በ1943 የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት እንኳ ከጅቡቲ የጫነው የአሜሪካ መርከብ ነው።

ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ጃንሆይ ባሕር ኃይል ያቋቋሙት ይህ ስለገባቸው ነው። የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው አሠለጠኑ። በ1954 «ኢትዮጵያ» የምትባለዋ ትልቋ መርከባችን ከአሜሪካ መጣች። በየዓመቱ በባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦች ምጽዋ ድረስ እየመጡ ያከብሩን ነበር። ተሸንፎ የማያውቅ ባሕር ኃይል ነበረን። ዛሬ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አስቁማችሁ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል። እኔ ላይ ስቀውብኛል።

መምህርቷ

ጋሼ፣ ዝሆኖቹን ወድጃቸዋለሁ። ክፍል ውስጥ እጠቀምባቸዋለሁ። አንዷን ዐረፍተ ነገር ግን አላሳልፍዎትም። «ተሸንፎ የማያውቅ ባሕር ኃይል።»

የካቲት 1982 ምጽዋ ላይ ምን ሆነ? ሻዕቢያ በየብስ በታንክ፣ በባሕር በፈጣን ጀልባ መጣ። የባሕር ኃይሉ ሰፈር ወደቀ። ጥዋለት ደሴት ላይ የቀሩት ለቀናት ተዋጉ፤ የሞተው ሞተ፣ የተረፈው ተማረከ። ከዚያ የራሳችን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ነዋሪው አለቀ። ይህ ሽንፈት ካልሆነ ሽንፈት ምን ይመስላል? ይንገሩኝና ለተማሪዎቼ ልንገራቸው።

ደግሞ የቆጠሩት የመጡብንን ብቻ ነው። የሄድንባቸውስ? በ6ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ካሌብ መርከብ አሰልፈው ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ዘምተዋል። ያኔ በባሕር የመጣው ወራሪ ማን ነበር?

«ራሱን የቻለ ትምህርት» የሚለውም ያስቀኛል። የታሪክ መጽሐፋችን ጦርነት ጎድሎበት ያውቃል? ጉንደት፣ ጉራዕ፣ ዶጋሊ፣ አድዋ፣ ማይጨው፣ ካራማራ። ልጆቹ የጦር ሜዳ ስም ሲደረድሩ አንደኛ ናቸው። መሬቱ የማን ነበር፣ ረሃቡ ለምን ገባ ስላቸው ዝም ይላሉ። በሰሜኑ ጦርነት አባቱን ያጣ ልጅ ፊት ቆሜ ነው የማስተምረው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅስ ስለ መርከብ ምን ይሰማዋል?

ባሕረኛው

መምህርት፣ ልጅ ያላየውን አይማር ካሉ የፈረንሳይን አብዮት ለምን ያስተምራሉ? ተማሪዎችዎ ባስቲልን የት አይተውት ነው? ከሜክሲኮ አደባባይ ይታያል እንዴ? አድዋንስ ስንቱ አይቶታል? ታሪክ አስተማሪ ሆነው «ያላዩት ነገር ምን ይሰማቸዋል» ሲሉ እኔ ደነገጥኩ። ታሪክ ማለት እኮ ያላየነው ነው።

ወደ ምጽዋ ልምጣ። ምጽዋ የወደቀችው ከየብስ ነው። በየብስ በኩል መጠበቅ የምድር ጦሩ ሥራ ነበር። መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ የሚባለው የምድር ጦር ሲፈርስ የምጽዋ ነገር ያን ጊዜ አበቃ። የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነበር። ባሕር ኃይሉ ባሕር ላይ አልተሸነፈም። በ1983 ሁሉም ሲፈራርስ መርከቦቻችን ሰንደቃቸውን ይዘው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ተሻገሩ። እጅ አልሰጡም። ይህን መኮንኖቹን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ባሕር ያጣ ሕዝብ ልጆቹን እንዴት እንደሚያሳድግ ማየት ከፈለጉ ቦሊቪያን ይመልከቱ። ባሕሯን ለቺሊ ካጣች ከ140 ዓመት አልፏታል። ዛሬም ባሕር ኃይል አላት፤ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይንቀሳቀሳል። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች 23 የባሕር ቀን ያከብራሉ፤ ተማሪው ሁሉ ይሰለፋል። እነሱ አልረሱም። አንቺ ግን ልጄ፣ ልጆቹ ባይሰሙ ይሻላል ትያለሽ።

መምህርቷ

በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ እኔ እርስዎን አንተ አላልኩም።

«ባሕር ላይ» የምትለዋ አሁን ነው የገባችው። መጀመሪያ ሲጽፉ አልነበረችም፤ ወደ ላይ መለስ ብለው ያንብቡ። «ተሸንፎ የማያውቅ» ነበር ያሉት። አሁን «ባሕር ላይ ያልተሸነፈ» ሆነ። ሰፈሩን፣ መጋዘኑን፣ ሰዉን፣ ከተማውን አጥቶ ያልተሸነፈ! ፈጣኖቹ ጀልባዎችስ በየት በኩል ነው የመጡት? በአስፋልት?

እጅ አልሰጡም ያሏቸው መርከቦችስ የት ደረሱ? ያልነገሩንን እኔ ልንገር። «ኢትዮጵያ» የመን ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት የወደብ ኪራይ ዕዳ ተቆልሎባቸው ሐራጅ ወጡ። ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ናት። እኔ ማስተማር የምፈልገው ይህን ነው! አንድ መንግሥት ሲፈርስ መርከቡ ምን ይሆናል? ባሕረኛው ደመወዙን ከማን ይጠይቃል? ይህ ነገር ግን የርስዎ ትምህርት ውስጥ አይገባም፤ ሰልፍ አያምርበትማ።

ቦሊቪያን ራስዎ አነሡልኝ። ይሰለፋሉ፤ ከዚያስ? ጉዳያቸውን ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አቀረቡ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 ፍርድ ቤቱ ቺሊ ስለ ባሕሩ የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ወሰነ። ስንት ትውልድ ለምን እንደተሰለፈ ሄደው ይጠይቋቸው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር ከተናገሩ ወዲህ ይህ ርዕስ ታሪክ ብቻ አይደለም። እርስዎ ስለ ትናንት የሚጽፉ ይመስላል፤ የሚጽፉት ግን ስለ ነገ ነው። ክፍሌ ውስጥ ከኤርትራ ተሰደው የመጡ ልጆች አሉ። እኔ ሰሌዳው ፊት ቆሜ «ወደባችን» ስል እነሱ ወዴት ይዩ?

ባሕረኛው

ጦረኛ ተባልኩ። ይሁን። ከማንም በፊት ስለ ጦርነት የማወራ እኔ ነኝ፤ ያየሁት እኔ ነኛ።

ስለ ኤርትራውያን ልጆች ግን እርስዎ አይነግሩኝም። ባሕር ኃይሉ ውስጥ ብዙ ኤርትራውያን ነበሩ። መርከብ ያስተማሩኝ፣ የበላሁበትን ሳህን የተጋሩኝ፣ አሥመራ ቤታቸው ወስደው እናታቸው ዘንድ ያሳደሩኝ እነሱ ናቸው። ያቺ ስደተኛ ልጅ የባሕር ኃይሉን ታሪክ ብትማር የአያቷ ሥራ ይሆናል የምትሰማው። እናንተ ናችሁ «ይከፋታል» ብላችሁ በስሟ የምትወስኑት። ጠይቀዋታል?

ሽንፈት ሽንፈት እያሉ ለሚያደክሙኝ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከ60ዎቹ ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ተረሸኑ። የረሸናቸው በባሕር የመጣ ጠላት አልነበረም። ባሕር ኃይሉ መቆረስ የጀመረው ያኔ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ፣ በራሳችን ሰው እጅ። ይህንንም ያስተምሩ። ማን ከለከለ?

ቦሊቪያን ለጊዜው እንተወው። የምጠይቀው ትንሽ ነው። አንድ ምዕራፍ። አንድ ምዕራፍ አገር አያፈርስም። ባስቲል ስንት ገጽ አለው?

መምህርቷ

«ራሱን የቻለ ትምህርት» ብለው ነበር የጀመሩት። አሁን ምዕራፍ ሆነ። ደግ፣ በዚሁ ከቀጠልን በሚቀጥለው ዙር አንድ አንቀጽ ላይ እንስማማለን።

ስለ ልዑል እስክንድር ያሉት መጽሐፍ ውስጥ መግባት አለበት። ስለ ኤርትራውያኑ ባሕረኞች ያሉትም እንዲሁ። መጀመሪያ ይህን ቢጽፉ ኖሮ እኔ ብዕር አላነሣም ነበር። እርስዎ ግን የጀመሩት «ተሸንፎ የማያውቅ» ብለው ነው፤ እስካሁንም ጥዋለት ላይ ስለሞቱት አንዲት ቃል አልጻፉም። የራስዎ ጓዶች ናቸው። የሚሸሿቸው ለምንድን ነው? ያልተሸነፈ ሠራዊት ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው ነው?

ምዕራፉን ላስተምረው እችላለሁ። ጦርነት ክፍል አይግባ ብዬም አላውቅም። ግን ከዙላ ተጀምሮ ጅቡቲ ሐራጁ ላይ ያልቃል። ርዕሱ «ምጽዋ» ይሁን፤ «ገድል» የምትል ነገር አልፈልግም። ከተማዋን የደበደቡት አውሮፕላኖችም ይገባሉ። ከተስማሙ ጥዋለትን እርስዎ መጥተው ይናገሩ። ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጥዎታለሁ።

ባሕረኛው

ጥዋለት ላይ ስለሞቱት ያልጻፍኩት ስለምሸሻቸው አይደለም። በዚህ ዓይነት ጭቅጭቅ መካከል ስማቸውን አላነሣም። ይህን መምህርት ሊያውቁ ይገባ ነበር።

ሁለቱን ክፍለ ጊዜ እቀበላለሁ። ቀኑን ይንገሩኝ። ርዕሱን እንዳሻዎ ያድርጉት። አውሮፕላኖቹም ይግቡ፤ አየር ኃይል ራሱን ይከላከል።

በሐራጅ ግን አያልቅም። በ2010 ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም ተወስኗል። በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ምዕራፍዎ ቢያንስ እስከዚያ ይሂድ። ልጆቹ ወደብ የሌለው ባሕር ኃይል ምን ይሠራል ብለው ይጠይቁ፤ እኔም የምመልሰው አላጣም።

ደግሞም ጅቡቲ ላይ የሆነው የወደብ ኪራይ ነው። ዕዳ ነው፣ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሽንፈት አይባልም።