የእናትየዋን አጥንት አንቁጠር

ደሴ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ነው። የአራት ዓመት ልጃቸው ደም ካንሰር አለበት ከተባለ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ቶናው ላይ አንዲት ሴትዮ እናትየዋን "በዘራችሁ ነበር እንዴ?" አሏት። ሌላዋ ቀጠሉ፦ "እርጉዝ ሳለሽ ምን በልተሽ ይሆን?" እናትየዋ ስኒዎቹን እያየች ዝም አለች። ጀበናው ሲገነፍል እንኳ አላነሳችውም።

በክፋት አልጠየቋትም። ለጋብቻም አጥንት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ሐኪም "የጂን ለውጥ" ሲል እኛ "በዘር የመጣ" ብለን እንሰማለን። ደም ካንሰር ግን የሚነሳው አጥንት መቅኒ ውስጥ፣ ደም በሚሠሩት ሴሎች ላይ ነው። ለውጡም ባብዛኛው እዚያው ልጁ አካል ውስጥ የተፈጠረ እንጂ ከወላጅ የተወረሰ አይደለም። አንዳንዴ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ ይጀምራል፤ ለውጡን ይዘው ከሚወለዱት ግን አብዛኞቹ ጭራሽ አይታመሙም።

ስጋት የሚጨምር ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ዳውን ሲንድሮም የሚባል አብሮ የሚወለድ የዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆች ስጋታቸው ከሌሎች ልጆች ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ከአካባቢ ደግሞ በደንብ የተረጋገጠው ጨረር ነው፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው የአቶም ቦምብ በተረፉ ልጆች ላይ ታይቷል። ቤት ውስጥ የሚረጭ ፀረ ተባይም በጥናቶች ይነሳል። ቤንዚን ውስጥም ካንሰር አምጪ ኬሚካል አለ። ስለዚህ ለባጃጅ ብላችሁ በሃይላንድ የቀዳችሁትን ልጆች ከሚተኙበት ክፍል አውጡት። እንዲህም ሆኖ አብዛኞቹ ልጆች ላይ ይህ ነው የሚባል ምክንያት አይገኝም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ለሳምንታት "እግሬን! እግሬን!" ይል ነበር። "እያደገ ነው" አልን። ጭኑ በለዘ፤ "ኳስ ነው" አልን። ገረጣ፣ ትኩሳቱ ተመላለሰ፤ "ምች ነው" አልን። አንዳችንም የደም ምርመራ አላልንም።

በሽታው ይድናል። በሀብታም አገሮች፣ ልጆችን በብዛት ከሚይዘው የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ዓይነት 90 በመቶ ያህሉ ልጆች ይድናሉ። ሕክምናው ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ልጁ የተላከበት አዲስ አበባ ደግሞ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ብዙ ወላጅ መሳፈሪያና ማደሪያ አጥቶ መሀል ላይ ያቋርጣል።

ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ለቀብር ድንኳን አለው፤ ለታማሚ ልጅ መሳፈሪያ የሚሆን ግን አላስቀመጠም። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ አነሳለሁ።