ልጆቹ አልሰነፉም፤ አልተኙም

በየመምህራን ስብሰባው ያው ክስ ይነሳል። «የዘንድሮ ተማሪ ልቡ ሸፍቷል! ዓይኑ ሰሌዳው ላይ፣ ሐሳቡ ሌላ አገር!» ከዚያ ቅጣቱ ይዘረዘራል፦ ማቆም፣ ማንበርከክ፣ ወላጅ ማስጠራት። እስኪ አንድ ሰው እንኳ «ይህ ልጅ ማታ በስንት ሰዓት ተኛ?» ብሎ ይጠይቅ! እኔ ጠይቄአለሁ፤ የሚያንገበግበኝም መልሱን ስለሰማሁ ነው።

ከኮዬ ፈጬ እና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ወደ መሃል ከተማ የሚመጡ ተማሪዎች አሉን። ትምህርት በ2 ሰዓት ስለሚጀመር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ፤ የታክሲው ሰልፍ ላረፈደ ምሕረት የለውም። ማታ ደግሞ መንገዱ ተዘጋግቶ፣ የቤት ሥራው ተሠርቶ፣ ታናናሾች ተኝተው ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። አምስት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ! በዚህ ዕድሜ የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። የጉርምስና ዕድሜ በራሱ እንቅልፍን ያዘገያል፤ ልጁ በጊዜ ልተኛ ብሎ ጋደም ቢል እንኳ ዓይኑ እሺ አይለውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የትኛውን የሌሊት ክፍል እንደምንነጥቃቸው ሳስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሴሪንስኪ እና ናታንየል ክላይትማን ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ደረጃ ይፋ አደረጉ። ደማቁ ሕልም በብዛት የሚታየው እዚያ ነው። እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይዞራል፤ ይህ ደረጃ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አጭር ነው፤ ሊነጋ ሲል ግን ይረዝማል። እንግዲህ ልጁን በ10 ሰዓት ተኩል ስንቀሰቅሰው በአብዛኛው የምንቆርጥበት ሕልሙን ነው። ሌሊት እንዲያልም ያልፈቀድንለትን ልጅ፣ ቀን ለምን በቁምህ አለምህ ብለን እናንበረክከዋለን!

ሐሳብ መንጎዱስ በራሱ ነውር ነው እንዴ? የአንጎል ተመራማሪው ማርከስ ሬይችል እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳመለከቱት፣ አንጎል ሥራ ሳይሰጠው ሲቀር ዝም አይልም፤ ያኔ ይበልጥ የሚነቁ ክፍሎች አሉት። ያለፈውን የምናወጣውና የምናወርደው፣ የነገውን የምናሰላው በእነዚህ ነው፤ ሕልም በሚበዛበት እንቅልፍም ከእነርሱ መካከል ነቅተው የሚገኙ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ የጎልማሶች ሐሳብ ከንቃት ጊዜያቸው 47 በመቶ ያህሉን ሌላ ቦታ እንደሚውል አሳይቷል። ጎልማሳው እንዲህ ከሆነ ልጁን ምን ሁን ነው የምንለው?

እንቅልፍ ያጣው ልጅ ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ እንቅልፍ የተከለከሉ አይጦች ዓይናቸውን ገልጠው እየተንቀሳቀሱ ሳለ አንዳንድ የአንጎላቸው ሴሎች ለአፍታ ልክ እንደተኛ ሰው ጸጥ ሲሉ ታይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ለሕክምና ሲባል አንጎላቸው ውስጥ መከታተያ የተተከለላቸው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው ምስል እንዲለዩ ተደረገ፤ የሴሎቻቸው ምላሽ ዘገየ፣ ደከመም። እና እዚህ ሁኔታ ላይ ያለውን ልጅ «ሐሳብህን ሰብስብ!» ብሎ መጮህ ምን ይሉታል? የሚሰበስብበት አንጎል እኮ ከፊሉ ተኝቷል!

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር መክሯል። ይህን ሳነሳ «ወላጅ ሥራ ይረፍድበታል» ተባልሁ። እውነት ነው፣ ይረፍድበታል፤ የወላጁን ችግር አልክድም። ደወሉን ማዘግየት ካልተቻለ ግን ሒሳብንና ፊዚክስን ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አውጡልን፤ ፈተናም በዚያ ሰዓት አይሁን። በጠዋት ያንቀላፋን ልጅ ማንበርከክም ከነገ ጀምሮ ይቅር። የሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት የክፍለ ጊዜ ድልድል ገና አልወጣም፤ ይህን ለማስተካከል ደግሞ አንድ ብር በጀት አያስፈልግም።