ማስተካከያ፦ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ

ባለፈው ሳምንት ስለ ማይንድፉልነስ (ትኩረትን በአሁኑ ቅጽበት ላይ ስለማድረግ ልምምድ) ስጽፍ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር 10 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን ማዳመጥ «የጭንቀት መድኃኒትን ይተካል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕክምና መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው። አሁን ዋናውን አነበብኩት። የጭንቀት ሕመም ካለባቸው 276 ሰዎች ገሚሱ ኤሲታሎፕራም የሚባለውን መድኃኒት ሲወስድ፣ ሌላው ማይንድፉልነስን ለ8 ሳምንት በአሠልጣኝ እየተመራ፣ ቤቱም ሆኖ በየቀኑ 45 ደቂቃ ተለማመደ፤ ውጤቱም ተቀራራቢ ሆነ። ይሄ ከ10 ደቂቃ በጣም ይለያል። የጀመራችሁትን መድኃኒት አቁሙም አይልም።

ጽሑፌን አይታችሁ ያቆማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን አማክሩ። በድንገት ማቆም ማዞርና የባሰ ጭንቀት ሊያመጣ ይችላል። ሐይቅ ዳሩን ግን አትተዉት፣ በተለይ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ።