ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ይቁላላል?

ባለፈው እሁድ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ያለው የሰፈራችን እድር “ከእንግዲህ በለቅሶ ቤት ወጥ የሚሠሩ ሴቶች የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ያምጡ” ብሎ ወሰነ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። እጃችንን ያላወጣነው ሦስት ነን። አንዱ እኔ፣ አንዷ ወጥ ሠሪዋ ራሷ፤ ሦስተኛው አባት ግን እንቅልፍ ወስዷቸው ስለነበር ተቃዋሚ ይባሉ አይባሉ እንጃ።

ጸሐፊያችን ያቀረቡት ምክንያት አንድ ነው፦ “ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ ቢቆርጣትስ? ደሟ ወጡ ውስጥ ቢገባስ?” ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

እሺ፣ ይግባ። ደሙን ተከትለን እስከ ድስቱ እንሂድ። ለመቶ ለቀስተኛ የሚሠራ ወጥ በብረት ድስት፣ በእንጨት እሳት ነው የሚሠራው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይንገረገባል፤ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት። ከሰዓት በታች ቁሌት አወጣሁ የምትል ሴት ካለች እናቴ ከወጥ ቤት ታባርራት ነበር። ቫይረሱ ደግሞ በ56 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ከቆየ አለቀለት። ውኃ በ56 ዲግሪ አይፈላም እኮ! ወጡ ገና ሳይንተከተክ ጉዳዩ ተዘግቷል። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጥገና ክፍል የጨረሱት ጸሐፊያችን እሳት ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ።

“ሰላጣውስ? እሱ እሳት አያይም” አለች አንዲት እህት ከኋላ። ደም የነካው ሰላጣ አይቶ የሚበላ ማን ነው? ቫይረሱስ ከሰው ገላ ወጥቶ ሳህን ላይ ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቅ ይመስል! ወጥ ሠሪ በሠራችው ምግብ ተመጋቢን አስያዘች የተባለ ጉዳይ በሽታው ከታወቀ ጀምሮ አልተመዘገበም።

ደግሞ ቢላ ካስፈራን፣ ለፋሲካ ቅርጫ በሬ የሚጥሉት፣ በየመደቡ የሚከፋፍሉት፣ ቢላውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ጥሬውን እዚያው የሚጎርሱት እነማን ናቸው? የእድሩ ወንዶች! ጥሬ ሥጋ ድስት አያውቅም፤ አንዳቸውንም ግን ወረቀት ጠይቀናቸው አናውቅም። (መጠየቅም የለባቸውም፤ በዚያም አይተላለፍም።) ፍርሃቱ የቢላ ቢሆን ኖሮ ከቅርጫው ይጀምር ነበር። ፍርሃቱ የሴትዮዋ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ስለ እሷ የተወራውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቃለ ጉባኤው ሐሜቱን በማኅተም አጸደቀው እንጂ ሌላ ምንም አልሠራም።

ወሬው እውነት ነው እንበል። መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው ቫይረሱ በምርመራ ወደማይታይበት ደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ ለፍቅር ጓደኛው እንኳ አያስተላልፍም። በ2016 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የ14 የአውሮፓ አገሮች ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት ጥንዶችን ተከታትሎ ነበር። 58 ሺህ ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ተገናኝተው መድኃኒት ከሚወስደው ወደ ሌላው የተላለፈ አንድም አልተገኘም። በአልጋ ያልተላለፈ በጭልፋ ይተላለፋል?

አንዱ ጎረምሳ ይባስ ብሎ ቢንቢን አነሳ። አቦ! በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት የት ነበርክ? ከየበርሜሉ የተነሳ ቢንቢ ቤት ለቤት እየዞረ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ኤችአይቪ በቢንቢ የሚሄድ ቢሆን ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ በተያዘ፣ አንተም ቆመህ ባልተናገርክ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ ሠራተኛ አሠሪው የጠየቀውን የጤና ምርመራ እምቢ አይበል ሲል የኤችአይቪን ምርመራ ለይቶ አውጥቶታል። “እድር አሠሪ አይደለም” ይሉኛል። በቀን ሒሳብ ከፍሎ የሚያሠራ ታዲያ ምን ይባላል?

አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ጤና ጣቢያው ከቤቷ አሥር ደቂቃ አይሆንም፤ እሷ ግን በየስድስት ወሩ በሚኒባስ ደንገጎን ወጥታ መድኃኒቷን ሐረር ሄዳ ትቀበላለች። ዘመድ ጥየቃ እንደሄደች ታስወራለች። ክኒኑን ከዕቃው አውጥታ በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው በሽታውን ፈርታ አይደለም፤ እኛን፣ የፍቅር ከተማ ልጆች ነን ባዮቹን ፈርታ ነው። አሁን ወረቀት አምጡ ሲባል ወረቀት የሚያመጣ ይኖራል ብላችሁ ነው? ሁሉም ከምርመራ ይሸሻል። አደጋው ደግሞ ያለው ሳይመረመር፣ ሳያውቅ፣ መድኃኒት ሳይጀምር የሚኖረው ሰው ዘንድ ነው።

አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። የታይፎይድ ምርመራ ቢሉ እጄን አወጣ ነበር፤ እሱ በእርግጥ በምግብ ይተላለፋል። ግን በመጨረሻው ለቅሶ፣ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ጀሪካን እንጂ ሳሙና አላየሁም። ሳሙና ይገዛ ብዬ ሳነሳ ጸሐፊያችን “በጀት የለም” ብለው አለፉኝ።

ቀጣዩ ስብሰባ በሚመጣው ወር የመጀመሪያው እሁድ ነው። እስከዚያ ለቅሶ ከመጣ እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሴትዮዋ ጎን ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ወረቀት አልያዝኩም። ከማዕዱ የሚቀር ካለ ይቅር።