መብራት የማይሄድበት አገር ቴሌቪዥን

«ጋሼ፣ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚውል ሰው አለ?» አለኝ ሻጩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነን። እስከዚያች ሰዓት በእንግሊዝኛ ስንከራከር ቆይተን ነው ልጁ ወደ አማርኛ የዞረው። (ጋሼ መባል የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ፀጉሬ ያስታውስ ይሆናል።)

ፊት ለፊቴ ያለው ባለ 65 ኢንች፣ ኦሌድ የሚባለው ቴሌቪዥን ነው። ከጎኑ ተራ ኤልኢዲ አለ። ሁለቱም አንድ ፊልም ያሳያሉ፤ በረሃ፣ ሌሊት፣ ከዋክብት። በተራው ላይ ሌሊቱ አመድ አመድ ይላል፤ ከጀርባው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ስላለ ጥቁሩ አይጠቁርም። ኦሌድ የጀርባ መብራት የለውም። ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡት ነጥቦቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይበራሉ፣ በራሳቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ ጥቁር ሲሆን ድርግም ያለ ጥቁር ነው፤ ጨረቃ የሌለበት የገጠር ሌሊት። አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ዋጋውም እንደ ድሮው አያስበረግግም። ኤልጂ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያወጣው ባለ 55 ኢንች ኦሌድ 15,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ስፋት ያለው ከዚያ አንድ አሥረኛ በታች ይገኛል።

«እናቴ አለች» አልኩት።

«ምን ያያሉ?»

«የቤተ ክርስቲያን ቻናል። ከዚያ ዜና። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ቻናል።»

ልጁ ፈገግ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ በራሳቸው የሚበሩት ነጥቦች ይደክማሉ። ከአንድ ቦታ የማይነቃነቅ ነገር፣ ለምሳሌ ጥግ ላይ ያለው የቻናሉ ዓርማ ወይም ከታች ያለው ቀይ የዜና መደብ፣ ለወራት በየቀኑ ብዙ ሰዓት ከበራ፣ እዚያ ያሉት ነጥቦች ከጎረቤቶቻቸው ቀድመው ያረጃሉ። ከዚያ በኋላ ኳስ ስታይም ዓርማው በሜዳው ጥግ እንደ ጥላ ይከተልሃል። አምራቾቹ መላ አላጡለትም። ምስሉን በትንሽ በትንሹ ያንቀሳቅሱታል፤ ዓርማውን ያደበዝዙታል። ደግሞም ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ፣ ሰው ሳያየው፣ ነጥቦቹን እየፈተሸ ያስተካክላል። ለዚህ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሶኬቱ መነቀል የለበትም።

እዚህ ላይ ሳቄ መጣ።

እናቴ አዲስ አበባ ኖራ፣ እዚህ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነው። ጠዋት ሪሞቱን ታነሳለች፣ ማታ ታስቀምጣለች። በመሃል ቡና ይፈላል፣ ስልክ ይደወላል፣ እንቅልፍ ሸለብ ያደርጋታል፤ ቴሌቪዥኑ ግን እንደበራ ነው። «ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ እኛ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤት የሚባለው ደግሞ መኪናው ብቻ የሚታይ ሰው። ማታ ልትተኛ ስትል ታዲያ በሪሞት አጥፍታ አትሄድም። ጎንበስ ብላ ከግድግዳው ትነቅለዋለች። እንግዲህ ኦሌድ የሚፈራቸው ሁለቱም ነገሮች እኛ ቤት ተሟልተዋል።

«እማዬ፣ እዚህ አገር እኮ መብራት አይሄድም» ብያት ነበር በመጀመሪያው ሳምንት።

«ታዲያ ሲመጣ ነው እንጂ መቼ ሲሄድ ያቃጥላል?» አለችኝ።

አገር ቤት ቴሌቪዥን የሚሞተው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ባለ 43 ኢንች ገዝቶ ለሁለት ቀን ሳይከፍተው አስቀመጠው፤ ስታብላይዘሩ እስኪገኝ። ስለ ጥቁሩ ጥቁረት አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። እሱ የሚያስበው ሌላ ነው፤ መብራት ድርግም ሲል ማን ሮጦ ይነቅላል? የብር ምንዛሪ በ2016 ሐምሌ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የተቃጠለ መተካት ቀልድ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የነበረችውን ስስ ላስቲክ እንኳን እስካሁን አላነሳትም።

በልጅነታችን ሰፈር ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን በእንጨት ሳጥን የታሸገ፣ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ዳንቴል የለበሰ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ኢሠፓ በተመሠረተበት ሰሞን ወደ ቀለም ቢዞርም፣ ያ ሳጥን ግን እስኪሞት ጥቁርና ነጭ ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። ቆርቆሮው ላይ የወጣው ልጅ አንቴናውን እያዞረ «መጣ?» ይላል፤ እኛ በመስኮት «አልመጣም! … መጣ መጣ! … ሄደ!» እንላለን። ጥቁሩ ጥቁር ይሁን ግራጫ ማንም አልመረመረም፤ ግማሹ ጊዜ በረዶ ነበር።

እንዲያውም ለአዲስ ነገር ያለኝ ጥርጣሬ ከቤዝመንቴ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባለ ሦስት አውታር፣ ማለትም ስሪ ዲ ቴሌቪዥን ገዛሁ። እንግዳ ሲመጣ መነጽር አድላለሁ፤ አራት ነው የነበረኝ፣ እንግዳ ደግሞ በአራት አይመጣም። ቀሪው በተራ ይጠብቃል፣ ያለ መነጽር ያየው ራሱን ያመዋል። ሦስት ፊልም አየንበት መሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋና ዋናዎቹ አምራቾች መሥራቱን ተዉት፤ መነጽሮቹ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ቴሌቪዥኑን ለወንድሜ ልልክለት አስቤ ጀርባውን ሳነብ 120 ቮልት ብቻ ይላል፤ ለአገር ቤት መብራት አይሆንም።

ኦሌዱን ትቼ ኤልኢዲውን ጭኜ መጣሁ። ባለቤቴ ቅር ብሏታል፤ እሷም ያንን ጥቁር አይታዋለች። «እማማ ሲመለሱ እንገዛዋለን» ትላለች፤ የምትመለሰው በሚያዝያ ነው።

ትናንት ማታ እናቴ አሟት ቀደም ብላ ተኛች። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ደረጃውን ልወጣ ስል ተመለስኩና ጎንበስ ብዬ ነቀልኩት።