የፈረሱ እግር ስለ አሟሟት አይናገርም

ወዳጄ፣ ስለ ሰውና ፈረስ ቁርኝት የምትጽፈውን ታሪካዊ ልቦለድ ረቂቅ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ። አባትየው ለልጁ «ሐውልት ላይ ፈረሱ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ካነሳ ጋላቢው ጦር ሜዳ ወድቋል፤ አንዱን ብቻ ካነሳ ቆስሎ ነው የሞተው፤ አራቱም መሬት ከረገጡ አልጋው ላይ አርፏል» ይለዋል። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

ሩቅ ሳትሄድ አራዳ ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ቀና ብለህ እየው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አየር ላይ ሰቅሎ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። እምዬ ግን ጦር ሜዳ አልሞቱም። ከአድዋ በድል ተመልሰው፣ ኋላም ለዓመታት ታመው፣ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው ያረፉት።

ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የሩሲያው ንጉሥ የታላቁ ጴጥሮስ ሐውልት ፈረስም እንዲሁ ሁለት እግሩን አንስቷል። ጴጥሮስ ግን በ1725 እ.ኤ.አ. ታሞ ነው የሞተው። ልብ ብለህ ካየኸው የፈረሱ ጭራ ከሥሩ ያለውን እባብ ይነካል። እባቡ ለጌጥ ብቻ አልተቀመጠም። ያ ሁሉ ነሐስ በሁለት እግር ብቻ እንዳይቆም ሦስተኛ ድጋፍ ሆኖታል። እግሩ እንዴት እንደሚሆን የሚወስነው የቀራፂው ምርጫና የክብደቱ ጉዳይ ነው።

እባክህ ያንን ንግግር አውጣው። በምትኩ አባትየው ስለ ፈረስ ስም ያውራለት። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው።