ደገኛው እና አብራሪው

ሦስተኛው ልጃችን ሲወለድ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ቅሬታ ያገለገለችን ኮሮላ ሦስት የሕፃናት ወንበር በአንድ መደዳ አላስተናግድም ስላለች፣ እኔና ባለቤቴ ባለሦስት መደዳ መኪና ለመግዛት ቆረጥን። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ምርጫውን ወደ ሁለት ለማውረድ አንድ ምሽት በቃን፤ አንደኛው ቶዮታ ሃይላንደር ሃይብሪድ፣ ሌላኛው ሆንዳ ፓይለት፣ ሁለቱም የ2024 ሞዴል ነበሩ። ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ግን አራት ወር ፈጀብን፤ የፈጀብንም መኪኖቹ ተመሳስለውብን ሳይሆን ሰው ስለሰማብን ነው።

መጀመሪያ የሰማችው አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ነች። በስልክ «ሃይላንደር ልንገዛ እያሰብን ነው» ስላት ጥቂት ዝም አለችና፣ «ምነው ልጄ፣ እዚያ አገር ሃይላንድም ተወደደ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ሃይላንድ ድሮ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ኋላ ግን የማንኛውም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዘይት የሚቀዳበት፣ ቆራሌው የሚለቅመው፣ ከከተማ የወጣ መኪና ባዩ ቁጥር የገጠር ሕፃናት «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ እየሮጡ የሚለምኑት ዕቃ ነው። ለባዶ ጠርሙስ ከ40 ሺሕ ዶላር በላይ ለማውጣት መዘጋጀቴ ያስደነገጣትን እናቴን ለማረጋጋት ስሞቹን ተረጎምኩላት፤ ሃይላንደር ማለት ደገኛ፣ ፓይለት ማለት ደግሞ አብራሪ መሆኑን አስረዳኋት። ፍርዷን ለመስጠት አልዘገየችም። «ደገኛውን ያዝ፤ ሦስት ልጅ ጭነህ የት ልትበር ነው?» አለችኝ። የመጀመሪያው ድምፅ በዚህ ሁኔታ ተመዘገበ።

ማግሥቱ እሑድ ስለነበር ጉዳዩ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የመኪና ማቆሚያ ተዛወረ። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ሐበሾች የሸንጎ አዳራሽ ባይኖረንም የመኪና ማቆሚያ አለን። ከመካከላችን ታክሲ በመንዳት፣ ኡበር በመሥራት ወይም ፓርኪንግ በመጠበቅ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ስለ መኪና አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት፣ ስለ ፖለቲካ አስተያየት የሌለው ሰው ከማግኘት ይከብዳል። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ አንድ ወዳጄ ነጠላውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። «የሻንሲ ቁጥሩ በጄ ይጀምራል?» አለኝ። በዚህ ፊደል የሚጀምር ቁጥር መኪናው እዚያው ጃፓን መሠራቱን ያመለክታል፤ ወዳጄም በጄ ያልጀመረን መኪና የሚያየው ክርስትና እንዳልተነሣ ልጅ ነው። ቆመው ከነበሩት ሃይላንደሮችና ፓይለቶች የአምስቱን ቁጥር፣ ከፊት መስታወታቸው ሥር፣ ሁለት ሌባ መስለን ጎንበስ እያልን አነበብን። አምስቱም በ5 ይጀምራሉ። ሃይላንደር ኢንዲያና ውስጥ ፕሪንስተን፣ ፓይለት ደግሞ አላባማ ውስጥ ሊንከን በምትባል ከተማ እንደሚሠሩ ስነግረው መርዶ የተነገረው ሰው መሰለ። «ታዲያ አሜሪካዊ ናቸዋ!» አለ። ከአፍታ በኋላ ግን ተጽናናና፣ «ቢሆንም ቶዮታው ደሙ ጃፓን ነው» ብሎ የኢንዲያናውን ዜግነት መለሰለት፤ የአላባማው ግን አሜሪካዊ እንደሆነ ቀረ።

ለሆንዳውም ያንኑ ርኅራኄ እንዲያደርግለት ስለምነው፣ «አገር ቤት ስንት ሆንዳ ታውቃለህ?» ሲል መለሰልኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኛ ቶዮታን የተማርነው ከፊደል ጋር ነው። ትምህርት ቤት የሄድነው በቶዮታ ሚኒባስ ታጭቀን ነው፤ የሰፈራችን ሙሽራ የወጣችው በኮሮላ ነው፤ ባለሥልጣን ሲያልፍ አቧራ ያለበሰን ላንድ ክሩዘር ነው። ፓይለት እንዲህ ባለ የሕይወት ታሪክ ውስጥ በየት በኩል ሊገባ ይችላል?

ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ወሬ አይፈታትም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ሁለቱንም በሠንጠረዥ አስቀመጠቻቸው። ፓይለቱ ባለ3.5 ሊትር፣ ባለ6 ሲሊንደር ሞተር፣ ዐሥር ማርሽ ያለው ካምቢዮና 285 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የሃይላንደሩ ባለ2.5 ሊትር፣ ባለ4 ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ጋር ተዳምሮ 243 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። በዚህ ላይ የወንድ ልቤ ወደ 285ቱ ማዘንበሉን አልክድም። ባለቤቴ ግን ወደ ሥራ የምሄደው በ395 አውራ ጎዳና፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መሆኑን አስታወሰችኝ፤ በዚያ ሰዓት 285ቱም ፈረሶች ከ243ቱ ጎን ለጎን ቆመው ገለባ ከመጠበቅ በቀር የሚሠሩት የለም። በአራቱም ጎማ የሚጎተቱትን ካነጻጸርን ሃይላንደሩ በአንድ ጋሎን ቤንዚን በአማካይ 35 ማይል ሲሄድ ፓይለቱ 21 ይሄዳል፤ በዓመት 15 ሺሕ ማይል ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 285 ጋሎን ገደማ ነው፤ ጋሎኑ በ3 ዶላር ቢታሰብ ከ850 ዶላር ይበልጣል። ፈረሶቹም ጋሎኖቹም 285 መሆናቸውን ባለቤቴ እንደ ምልክት ቆጠረችው።

በቦታ ግን ፓይለቱ ያለ ክርክር ይበልጣል። ሦስተኛው መደዳ እንደቆመ ከበስተኋላ የሚቀረው ሥፍራ በሃይላንደሩ 16፣ በፓይለቱ 18.6 ኪዩቢክ ፊት ነው። ይህ ልዩነት ለአሜሪካዊ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን ከአራት እስከ አምስት የሚሆን የጤፍ ዱቄት ከረጢት ነው። በአንዳንዱ ፓይለት ደግሞ የሁለተኛው መደዳ መካከለኛ ወንበር ተነቅሎ ከኋላ ወለል ሥር ይገባል፤ ይህን ብልሃት ያሰበው መሐንዲስ ዘመድ የበዛበት ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለሦስተኛው መደዳ የእግር ማስገቢያ ፓይለቱ 32.5 ኢንች ሲሰጥ ሃይላንደሩ 28 ኢንች ገደማ ይሰጣል። ቁጥር ግን ሰው አይሸከምምና ጉዳዩን በአካል ለማረጋገጥ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ አንድ ሜትርና የባለቤቴን አክስት ይዤ ወደ ሁለቱ ሻጮች ሄድኩ።

ሻንጣ የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ባለ23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ስለሚፈቀድለት አንድ ባልና ሚስት ማለት አራት ሻንጣ ነው፤ እኛ ሰዎች ደግሞ የተፈቀደን ኪሎ ማስቀረት እንደ ኃጢአት እንቆጥረዋለን። ሻጩ ስለ ስክሪኑ ስፋት ሲያብራራልኝ እኔ ሻንጣዎቹን አንዴ በቁም፣ አንዴ በጎን እያስገባሁ ስለካ፣ ከቤት ተባርሬ እንደሆነ ሊጠይቀኝ ፈልጎ የተወው ይመስለኛል። ዋናው ፈተና ግን እትዬ ነበሩ። ነጭ የሐበሻ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ በሌላው የኔን ትከሻ ተደግፈው፣ «በስመ አብ» ብለው ወደ ሃይላንደሩ ሦስተኛ መደዳ ወጡ። ጉልበታቸው ከፊታቸው ያለውን ወንበር ሲነካ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔን እዚህ ነው የምታስቀምጡኝ?» አሉኝ። በፓይለቱ ግን እግራቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን አመቻችተው፣ «እዚህስ ቡናም ይፈላል» አሉ። ነገሩ የተቋጨ መስሎኝ ደስ አለኝ። እየወረዱ ሳለ ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ «ይኸኛው ይመቻል፤ እናንተ ግን ቶዮታውን ግዙ» አሉኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ሰው ምን ይላል?» አሉ።

ሰው የሚለውን የሰማሁት ዕቁብ ላይ ነው። ለቅድሚያ ክፍያው የተማመንነው በዕቁቡ ገንዘብ ስለነበር ተራዬ ሳይደርስ ዕጣው እንዲሰጠኝ ለመንኩ። ለመኪና ነው ስል ሁሉም «ይገባዋል» አሉ፤ የትኛውን መኪና እንደሆነ ተጠይቄ የሆንዳን ስም ሳነሣ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ነገ ልሽጠው ብትል ማን ይገዛሃል?» አሉኝ። መኪና ገዝተን ሳንነዳ ስለ መሸጡ መምከራችን፣ ሽማግሌዎች ለሠርጉ ድንኳን በሚጣልበት ማለዳ ስለ ፍቺ የንብረት ክፍፍል እንደሚነጋገሩ ያህል ቢታየኝም፣ ዕጣ የሚለምን ሰው አይከራከርም። ባለቤቴ በነገሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ በሚገመትለት ዋጋ ልክ ግብር ይከፈልበታል፤ ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቻችን ይህ የሌለባቸው በመሆኑ ይስቁብናል። ስለዚህ ቶዮታው ዋጋውን በጠበቀ ቁጥር ግብሩም ዋጋውን እንደሚጠብቅ አስረዳች። የሰማት የለም፤ ቡና ሦስተኛው እየተቀዳ ነበር።

ሃይላንደሩን ገዛን። ከተገዛ በሦስተኛው ሳምንት የባለቤቴ አጎትና ሚስታቸው ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ፤ እንደ ደንቡ ቤተሰቡ በሙሉ ደለስ አየር ማረፊያ ወጣ። ልጆቹ በሁለተኛው መደዳ በየወንበራቸው ታሰሩ፤ ባለቤቴ፣ የአጎቷ ሚስትና እትዬ ሦስተኛው ላይ ተደረደሩ። በርበሬ በርበሬ ከሚሸቱት አራት ሻንጣዎች ሁለቱ ከኋላ ገቡ፤ ሦስተኛውን በትከሻዬ ገፍቼ በሩን ዘጋሁበት፤ አራተኛው በእትዬና በባለቤቴ ጉልበት ላይ አግድም ተጋደመ። እትዬ ከሻንጣው ባሻገር ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ «ቡና የሚፈላበት ያኛው ነበር» አሉ።

ጋሼ ግን ከፊት ወንበር አልተቀመጡም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን አንዴ ዞሩት፤ መልሰው ደግሞ ዞሩት።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቻርጅ ማድረጊያው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጋሼ የሚነዱት ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና መሆኑን ያስታወስኩት ያኔ ነው። ሃይብሪድ ማለት ባትሪውን ራሱ እየሞላ የሚሄድ፣ ሶኬት የማያስፈልገው፣ ቤንዚን ግን የሚቀዳለት መኪና እንደሆነ፣ ከአራት ወር ጥናት ያገኘሁትን ዕውቀት ሁሉ አሰባስቤ አስረዳኋቸው። ጋሼ በጥሞና አዳመጡኝ። ከዚያ የተቸገረ ዘመድ በሚታይበት ዓይን እያዩኝ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉና፣ «አይዞህ፤ እናንተም ቀስ በቀስ ትደርሳላችሁ» አሉኝ።